ዕጣ ደረሰዎ ሲባል ማንን እንጠይቅ?

«ሽልማት ደርሶዎታል የሚል መልእክት ሁሉ ውሸት ነው» ብሎ መምከር ይቀላል። በየመገናኛ ብዙኃኑ ደጋግመን የምንሰማውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ምክሩ ከምናየው ነገር ጋር አይገጥምም። በ8100 አጭር ቁጥር መልእክት እየላኩ ለሕዳሴ ግድብ ካዋጡት መካከል በዕጣ የተሸለሙ ሰዎች አሉ። ከውጭ የተላከለትን ገንዘብ በባንክ የተቀበለ ወይም በቁጠባ ሂሳቡ ያስቀመጠ ደንበኛ መኪና ወጥቶለት ቁልፍ ሲረከብ በቴሌቪዥን አይተናል። የእንቁጣጣሽ ሎተሪ ቆርጦ ኑሮው የተለወጠ ሰውም በየሰፈሩ ባይገኝ በየከተማው አይጠፋም። ሰው የምሥራች በስልኩ ሲመጣለት ልቡ የሚዘለው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር እውነት ሆኖ እንደሚያውቅ ያስታውሳል፤ «ለእኔስ ቢሆን?» ማለቱ የሰው ወግ ነው።

አጭበርባሪው የሚኖረው በዚሁ እውነት ተጠግቶ ነው። እውነተኛ ሸላሚ ባይኖር ኖሮ ሐሰተኛው የሚሰማው አያገኝም ነበር። ስለዚህ «አትመኑ» ማለት ብቻውን ማንንም አያድንም፤ እንዲያውም እውነተኛ ዕጣ የወጣለትን ሰው ሽልማቱን ሳይቀበል ሊያስቀረው ይችላል። የሚያስፈልገን መለያ ነው። እኔ የማምንበት መለያ ደግሞ አንድ ነው፦ መልእክቱ ለራሱ ምስክር መሆን አይችልም። ጽሑፉን ደጋግሞ በማንበብ፣ ዓርማውን በመመርመር፣ የደዋዩን አነጋገር በማዳመጥ እውነት አይገኝም። እውነቱ የሚታወቀው መልእክቱን ወደ ጎን ትቶ ሸላሚ ወደተባለው ድርጅት፣ ከዚያ መልእክት በፊት በምናውቀው መንገድ ስንሄድ ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ ለማየት የተለመደውን የስልክ ጥሪ ጠጋ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። ደዋዩ የተረጋጋ ድምፅ አለው፤ ከኋላው ብዙ ሰው በስልክ የሚያወራ የሚመስል ጫጫታ ይሰማል። «እንደምን ዋሉ እናቴ፣ ከኢትዮ ቴሌኮም ዋናው መሥሪያ ቤት ነው የምንደውለው። የረጅም ጊዜ ደንበኛችን በመሆንዎ በወጣው ዕጣ ባለዕድል ሆነዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት!» ይላል። የተደወለላቸውን እናት ስም እስከነአባታቸው ይጠራል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ «ስሜን ካወቁ በእርግጥም እነሱ ናቸው» ይላል። ነገር ግን ስልክ ቁጥርን ቴሌግራም ላይ አስገብቶ መፈለግ ብቻ የባለቤቱን ስምና ፎቶ ሊያወጣ ይችላል። ገንዘብ ልላክ ብሎ ቁጥሩን ያስገባ ሰውም የተቀባዩን ስም የሚያይበት አጋጣሚ አለ። ስም ማወቅ ዛሬ ምንም አያረጋግጥም።

ቀጥሎ የሚመጣው «ስልኩን እንዳይዘጉት እናቴ፣ መስመሩ ከተቋረጠ ዕጣው ለተጠባባቂ ያልፋል» የሚለው ነው። ትንሽ ቆይቶ «ሽልማቱን እስኪረከቡ ለማንም አይንገሩ፣ ለራስዎ ደኅንነት ነው» ይላል። እነዚህ ሁለት ትእዛዞች አጋጣሚ አይደሉም። ስልኩ ካልተዘጋ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም መደበኛ ቁጥር 994 ደውሎ መጠየቅ አይቻልም። ለማንም ካልተነገረ ጎረቤት፣ ልጅ ወይም የልጅ ጓደኛ «ቆይ እስቲ፣ እኔ ላጣራ» የሚልበት ዕድል የለም። ደዋዩ ከሁሉ በላይ የሚፈራው የተደወለለት ሰው ለአምስት ደቂቃ ብቻውን እንዲያስብ፣ ወይም ሌላ ሰው እንዲጠይቅ ነው። እውነተኛ ሸላሚ ግን ይህን የሚፈራበት ምንም ምክንያት የለውም፤ ዕጣው ወጥቷል፣ ስሙ ተመዝግቧል፣ ባለዕድሉ ነገ ቢመጣም ያው ባለዕድል ነው። በእኔ እምነት በዚህ ጥሪ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ ይልቅ የሚያጋልጠው ይህ ጥድፊያ ነው።

ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ ይገባል። «አሁን በስልክዎ የማረጋገጫ ቁጥር ይገባል፣ ያንብቡልኝ።» ቁጥሩ በእርግጥም ይገባል፤ ላኪውም እውነተኛው ድርጅት ነው። ሴትዮዋን ጨርሶ የሚያሳምናቸውም ይኸው ነው። የሆነው ነገር ግን ሌላ ነው፦ ደዋዩ በዚያው ሰዓት በራሱ ስልክ ላይ የእሳቸውን ቁጥር አስገብቶ ቴሌብራቸውን፣ የባንክ መተግበሪያቸውን ወይም ቴሌግራማቸውን ሊከፍት እየሞከረ ነው። ድርጅቱ «የቁጥሩ ባለቤት ናቸው ወይ?» ብሎ ለማጣራት ቁጥሩን ወደ እሳቸው ላከ። እሳቸው ሲያነቡለት ደዋዩ ባለቤት ሆነ። የሚስጥር ቁጥሩንም «ሽልማቱ እንዲገባ» ብሎ ከጠየቀና ከተሰጠው የቀረ ነገር የለም። ያ ቁጥር ከቴሌብር የመጣ ከሆነ መልእክቱ ራሱ ለማንም እንዳይሰጥ ያስጠነቅቃል፤ ችግሩ ሰው በደስታ ላይ እያለ ከቁጥሩ በታች ያለውን ጽሑፍ አያነብም።

የበለጠ ረቀቅ ያለውም አለ። «ሽልማቱን ለማንቃት *21* ብለው ይህን ስልክ ቁጥር ያስገቡና # ይደውሉ» ይባላል። ይህ ከሽልማት ጋር አይገናኝም። በሞባይል ኔትወርክ *21* ማለት ወደ እኔ የሚደወለውን ሁሉ ወደዚህ ቁጥር አዙርልኝ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ባንኩ ቢደውል፣ ልጅ ቢደውል፣ ስልኩን የሚያነሣው ሌባው ነው። ሳያውቅ ያደረገ ሰው ##002# ብሎ ሲደውል የዞረው ሁሉ ይሰረዛል። የድሮው ዘዴ ከዚህ ሁሉ ቀላል ነበር፦ «የማስፈጸሚያ» ተብሎ የሞባይል ካርድ ማስገዛትና ፍቆ ቁጥሩን ማስነበብ። እሱም ገና አልጠፋም።

እዚህ ላይ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ያሻል። ሽልማት ከሸላሚው ወደ ተሸላሚው የሚሄድ ነገር ነው። በመካከል ተሸላሚው አስቀድሞ ገንዘብ እንዲልክ ከተጠየቀ ነገሩ ተገልብጧል። ጥያቄው ብዙ ስም ይሰጠዋል፤ የአገልግሎት፣ የጉምሩክ፣ የማጓጓዣ፣ የውክልና ይባላል። ከሁሉም አሳማኝ ሆኖ የሚቀርበው ግን የግብር ነው፤ ምክንያቱም በሽልማት ላይ ግብር እንዳለ ሁሉም ያውቃል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በዕድል ሙከራ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር። አዋጁን ለማያውቅ ሰው አጭበርባሪው «ግብሩን በቅድሚያ ያስገቡ» ሲለው ሕግ የጠቀሰ ይመስለዋል። የአሠራሩ ነገር ግን ሌላ ነው። ግብሩን ከሽልማቱ ላይ ቀንሶ ለመንግሥት የማስገባት ግዴታ ያለበት ሽልማቱን የሚከፍለው ድርጅት ነው። ለባለዕድሉ የሚደርሰው የተጣራው ነው፤ ግብር ብሎ በማንም ግለሰብ ስልክ ቁጥር የሚልከው አንዳች ነገር የለም።

የብሔራዊ ሎተሪን ጉዳይ ብቻ ብንወስድ ማጣራቱ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ይታያል። ከአዟሪ የተቆረጠ የወረቀት ትኬት የማን እንደሆነ ድርጅቱ አያውቅም። አዟሪው ስምም ስልክም አይመዘግብም፤ የትኬቱ ባለቤት የያዘው ሰው ነው። እንግዲህ «የቆረጡት ሎተሪ ወጥቶልዎታል» ብሎ የሚደውል ሰው ስልክ ቁጥሩን ከየት አመጣው? የወረቀት ትኬት ባለቤት ማድረግ ያለበት ያው ጥንትም ሲደረግ የኖረውን ነው፦ ማውጫውን ከትኬቱ ጋር አስተያይቶ፣ ቁጥሩ ከገጠመ ትኬቱን ሳያስነካ ይዞ መሄድ። በስልክ በሚቆረጠው ዲጂታል ሎተሪ ግን ስልክ ቁጥሩ ይታወቃል፤ መልእክትም ሊመጣ ይችላል። ያኔ ጥያቄው «ቆርጬ ነበር ወይ?» የሚለው ይሆናል። ያልዘሩት አይበቅልም፤ ያልቆረጡት ዕጣ አይወጣም። ከሂሳቡ ላይ የተቀነሰ ክፍያና የትኬት ቁጥር የያዘ መልእክት የሌለው ሰው በዕጣው ውስጥ አልነበረም።

ይህ ማጭበርበር ከስልክ ጋር የመጣም አይደለም። በየአውቶቡስ ተራውና በየገበያው የቆየ አንድ ዘዴ አለ። ከገጠር የመጣ የሚመስል ሰው «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ የሎተሪ ትኬት ያሳያል። አብሮት የሚሠራ ሌላ ሰው መንገደኛ መስሎ ጠጋ ይልና ማውጫውን ያወጣል፤ ቁጥሩ ትልቁን ዕጣ አግኝቷል። ባለትኬቱ መታወቂያ የለውም፣ ቢሮ መሄድ ይፈራል፣ አገሩ ሊገባ ቸኩሏል፤ ስለዚህ በጥቂት ገንዘብና በአንገት ሀብል ሊሸጠው ፈቃደኛ ነው። ትኬቱ ላይ አንድ ቁጥር ተፍቆ ተለውጧል፤ ወይም ማውጫው ራሱ የውሸት ነው። እዚህም ያው ነገር ይታያል። ምስክሩን ያመጣው አጭበርባሪው ነው። ገዢው ማውጫውን ከሌላ አዟሪ ላይ ቢያይ ኖሮ፣ ሁለት መቶ ሜትር ቢራመድ ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር። ዛሬ በስልክ የሚላከው ሊንክ ያን ጊዜ ከኪስ የወጣውን ማውጫ ተክቷል፤ ላኪው ማረጋገጫውንም አብሮ ያቀርባል።

የእኛ ሕዝብ በጣም የሚጓጓለት ዕጣ ግን ሎተሪ ሳይሆን የአሜሪካ ቪዛ የሚያስገኘው ዲቪ ነው፤ በጣም የተጎዳበትም እሱው ይመስለኛል። የዲቪ ዕጣ መውጣት አለመውጣት የሚታወቅበት መንገድ ከየትኛውም የሽልማት ማረጋገጫ ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ሰው በየዓመቱ በዚያው ጉዳይ ይታለላል። በቀደሙት ዓመታት ዕድለኞች በፖስታ ደብዳቤ ይመጣላቸው ነበር። ትልቁ ፖስታ እቤት ሲደርስ የሰፈር ወሬ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ብዙ ነው። ከዲቪ 2012 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ወዲህ ግን ደብዳቤ ቀርቷል። ውጤት የሚታየው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው፣ አድራሻው በ«ስቴት ነጥብ ጎቭ» በሚያልቀው ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ሲመዘገቡ የተሰጠው የኮንፈርሜሽን ቁጥር፣ የቤተሰብ ስምና የትውልድ ዓመት ሲገባ መልሱ ወዲያው ይወጣል። መሥሪያ ቤቱ «ተመርጠዋል» ብሎ ኢሜይል አይልክም፤ ቢልክም «ድረ ገጹን ይመልከቱ» ከማለት አያልፍም። ቴሌግራም ላይ አይጽፍም፣ አይደውልም፣ ገንዘብ ላኩ አይልም። ለዓመታት ለአንድ ሰው 330 ዶላር ሆኖ የቆየው የዲቪ ቪዛ ክፍያም የሚከፈለው በኤምባሲው፣ በቃለ መጠይቁ ጊዜ ነው።

ታዲያ እንዲህ ግልጽ ከሆነ ሰው ለምን ይታለላል? መልሱ ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ነው። ዲቪ በእኛ አገር አብዛኛው ሰው ራሱ አይሞላውም፤ ያስሞላል። ፎቶ ተነሥቶ፣ ለአሞላሉ ከፍሎ፣ «ሲወጣ እደውልልሃለሁ» ተብሎ ይሄዳል። የኮንፈርሜሽን ቁጥሩ የታተመበት ወረቀት ከሞላው ልጅ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል፤ ኢሜይሉም የልጁ ነው። ይህ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሱን ዕጣ ማየት አይችልም። ውጤት ሲወጣ የሚነግረው ያ የሞላለት ብቻ ነው፤ አልወጣም ቢለው ያምናል፣ ወጥቷል ቢለው ያምናል። ወጥቶለት ከሆነም የሚነገረው ነገር ዋጋ ይቆረጥለታል። ቁጥሩን ለመስጠት ብዙ ገንዘብ የተጠየቁ፣ የማያውቁትን ሰው ባል ወይም ሚስት አድርገው በቅጹ እንዲያስገቡ የተገደዱ ሰዎች ታሪክ እንግዳ አይደለም። የኋለኛው ደግሞ ቪዛውን ማስከልከል ብቻ ሳይሆን በማጭበርበር አስጠይቆ ለወደፊቱም በር ሊዘጋ ይችላል።

መፍትሔው ያለው ከዕጣው በፊት ነው፤ ይህንን አጥብቄ የምናገረው ሰው ትኩረቱን ሁሉ ውጤቱ በሚወጣበት ጊዜ ላይ ስለሚያደርግ ነው። ዲቪ የሚያስሞላ ሰው ከወንበሩ ከመነሣቱ በፊት የኮንፈርሜሽን ቁጥሩ ያለበትን ገጽ በራሱ ስልክ ፎቶ ያንሣ። ኢሜይሉ የራሱ ይሁን፤ ከሌለው ለዚሁ ብሎ ይክፈት። ምክንያቱም ድረ ገጹ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው በስሙ፣ በትውልድ ቀኑና ሲመዘገብ በተጠቀመበት ኢሜይል መልሶ የሚያገኝበት መንገድ አለው። ኢሜይሉ የሌላ ከሆነ ያ መንገድም ዝግ ነው። ለወላጆቹ ዲቪ የሚሞላ የውጭ አገር ልጅም ይህን ያስብ፤ ቁጥሩን ለእነሱ ቢልክላቸው «ከኤምባሲ ነው» ብሎ የሚደውል ሰው ሲመጣ የሚያዩበት ነገር በእጃቸው ይኖራል።

ስለ ዲቪ ካነሣን አይቀር አንድ ብዙም የማይነገር ነገር አለ። የምሥራቹ ከእውነተኛው ምንጭ መምጣቱ ሁልጊዜ የመጨረሻ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 ዓ.ም. የዲቪ 2012 ውጤት በራሱ በትክክለኛው ድረ ገጽ ላይ ወጣ። 22,000 ያህል ሰዎች መመረጣቸውን በዓይናቸው አዩ። ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግን መሥሪያ ቤቱ ውጤቱን ሰረዘው፤ የኮምፒውተር ፕሮግራሙ ስህተት ስለነበረበት ከተመረጡት 90 በመቶ ያህሉ በምዝገባው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የተመዘገቡ ሆነው ተገኙ። ዕጣው በሐምሌ እንደገና ወጣ። አንዳንዶቹ ፍርድ ቤት ቢሄዱም አልተሳካላቸውም። በእኛም አገር ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከ25,000 በላይ ለሆኑ ኮንዶሚኒየም ቤቶች የወጣው ዕጣ ከቀናት በኋላ በመረጃው ላይ በተገኘ ማጭበርበር ተሰርዞ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. በድጋሚ ወጥቷል። ያን ሳምንት ድግስ የደገሰ፣ ከሥራ ሊለቅ ያሰበ፣ የቤት ዕቃ ሊገዛ የተበደረ ሰው የደረሰበትን ሐዘን መገመት አያስቸግርም። ዲቪም ቢሆን ከ100,000 በላይ ሰዎች ተመርጠው ቪዛው ከ55,000 የማያልፍባቸው ዓመታት አሉ። ስለዚህ ማጣራት ሲባል ሁለት ጥያቄ አለበት፦ ይህን የነገረኝ በእርግጥ ሸላሚው ነው ወይ? ደግሞስ የተነገረኝ ነገር ጸንቷል ወይ? ሁለተኛውን የሚመልሰው ርክክቡ ብቻ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቤት መሸጥም ሥራ መልቀቅም የለም።

ወደ አጭር መልእክቱ ልመለስና አንድ የተለመደ ምክር ልቃወም። «የፊደል ግድፈት ካለበት ሐሰተኛ ነው» ይባላል። ዱሮ እንደዚያ ይሆን ነበር። አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየታገዘ የተጣራ አማርኛ መጻፍ ማንንም አያቅተውም፤ በሌላ በኩል ግድፈት የሞላበት እውነተኛ መልእክት ከትልልቅ ድርጅቶች ሲላክ በየቀኑ እናያለን። በፊደል መለየት ከተጀመረ እውነተኛው ወድቆ ሐሰተኛው ያልፋል። የላኪው ማንነትም እንደዚሁ ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ «ቴሌብር ነን» የሚል ጽሑፍ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር የግለሰብ ቁጥር ከመጣ ያለቀለት ውሸት ነው። የዚህ ተቃራኒ ግን አይሠራም። በብዙ አገሮች እንደታየው በላኪነት የሚታየውን ስም አስመስሎ መላክ ይቻላል፤ ሐሰተኛውም መልእክት ከእውነተኞቹ መልእክቶች ሥር ተደርድሮ ይገባል። «ብር ገብቶልዎታል» ሲባል መልእክቱን ከማመን መተግበሪያውን ራስ ከፍቶ፣ ወይም *127# ደውሎ ቀሪ ሂሳብን ማየት ነው። ገንዘቡ እዚያ ከሌለ የትም የለም።

በዓረብ አገር የሚሠሩ እህቶቻችን ይህን በሌላ መልኩ ያውቁታል። በኤምሬቶች በአገሩ የቴሌኮም ድርጅት ስም «ከኢትሳላት ነን፣ 200,000 ድርሃም ወጥቶልሻል» የሚለው ጥሪ ለዓመታት ፖሊስ ሲያስጠነቅቅበት የኖረ ነው። በኢሞ ደውለው፣ የድርጅቱን ዓርማ የፕሮፋይል ፎቶ አድርገው፣ አንዳንዴም በአማርኛ ያናግራሉ። የሚያሳዝነው እነዚህ ሴቶች በቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚውሉ፣ የሚጠይቁት ሰው በአጠገባቸው የሌለ መሆኑ ነው፤ ደዋዩም ይህን ያውቃል። በአሜሪካ ደግሞ በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችን ጋ ፐብሊሸርስ ክሊሪንግ ሃውስ በተባለ ሸላሚ ድርጅት ስም ይደወላል። ድርጅቱ እውነተኛ ነው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት በእርግጥም ሸልሟል። ነገር ግን ትልልቅ ሽልማቶቹን በር አንኳኩቶ ሲሰጥ እንጂ ቀድሞ ደውሎ ክፍያ ሲጠይቅ አይታወቅም። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ደጋግሞ የሚለው ይህንኑ ነው፦ ለመቀበል ክፍያ የሚጠየቅበት ሽልማት ሽልማት አይደለም። የስጦታ ካርድ ገዝታችሁ ቁጥሩን አንብቡልን የሚል ጥያቄ ከመጣ፣ እኛ አገር የሞባይል ካርድ ከሚያስፍቀው ሰው ጋር አንድ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ተቀባዩ ነው። ትልቁ ኃላፊነት ግን የሸላሚዎቹ ይመስለኛል፤ በዚህ ላይ በቂ አልተጮኸም። እውነተኛ ዕጣ አውጥቶ ባለዕድሉን በአንድ ሠራተኛ የግል ሞባይል የሚያስደውል ድርጅት አለ። መታወቂያ በቴሌግራም ላኩ የሚል አለ። ዕጣው ወጣ ብሎ በአደባባይ አውጆ ሰው በጥሪ ማእከሉ ሲጠይቅ «እኛ ስለዚህ የምናውቀው የለም» የሚል መልስ የሚሰጥም አለ። እንዲህ ያለ ድርጅት ራሱ ሌባ ባይሆንም የሌባውን አካሄድ ለሕዝቡ እያለማመደ ነው። ሰው እውነተኛው ሸላሚ በዚህ መንገድ ሲመጣ ካየ ሐሰተኛውን በምን ይለየዋል? ለሽያጭ ማስታወቂያ ተብሎ የሚወጣ ዕጣ የሎተሪ ተቆጣጣሪው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ታዲያ ፈቃዱ ሲሰጥ አብሮ ሊጠየቅ የሚገባ ነገር አለ፦ ባለዕድሉ በየትኛው ቁጥር እንደሚነገረው ዕጣው ከመጀመሩ በፊት ይነገር። የወጡት ቁጥሮች መካከላቸው ተሸፍኖ በድርጅቱ ድረ ገጽና በየቅርንጫፉ ይለጠፉ። የጥሪ ማእከሉ «ቁጥሬ አለበት ወይ?» ለሚል ሰው አለ ወይም የለም ብሎ ይመልስ። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ቢደረግ ግን ማጣራት የሚፈልግ ሰው የሚሄድበት በር ያገኛል፤ አሁን ብዙ ጊዜ የሚታለለው የሚጠይቅበት በር ስለሌለው ነው።

ሕጉስ? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አሳሳች መረጃ በማሰራጨት ወይም ማንነትን በሐሰት በማቅረብ ሰውን የሚያታልል ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራትና ከ50,000 ብር በማይበልጥ መቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ብዙውን ጊዜ የተበደለው ሲያመለክት ነው፤ የተበደለው ደግሞ ያፍራል። «እንዴት ተሞኘህ?» የሚለውን ጥያቄ ፈርቶ ለሚስቱ የማይነግር ባል፣ ለልጆቿ የማትነግር እናት ብዙ ነው። እነዚያ ሰዎች ሞኝ አይደሉም፤ ይህን ሥራዬ ብሎ በየቀኑ የሚለማመድ ሰው ነው ያታለላቸው። ከቤተሰብ የሚጠበቀው ወቀሳ ሳይሆን ፍጥነት ነው። ቁጥር ያነበበ፣ ብር የላከ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት የሚያደርገው ነገር ገንዘቡን ሊያስመልስ ይችላል፤ በማግሥቱ ግን ገንዘቡ ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው ተዘዋውሮ ወጥቶ ይሆናል። መጀመሪያ የባንኩን ወይም የቴሌኮሙን መደበኛ ቁጥር ደውሎ ሂሳቡን ማሳገድ፤ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ነው። የሚስጥር ቁጥሩን ወዲያው መለወጥ፤ ቴሌግራም ከሆነ «ዲቫይስስ» በሚለው ገብቶ የማያውቁትን ስልክ ማስወጣት። ከዚያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ የደዋዩን ቁጥር፣ የላከውን ጽሑፍና የዝውውሩን መለያ ቁጥር በንዴት ሳያጠፉ እንዳሉ ይዞ መሄድ ነው።